ኮምፒውተር ቤቶቻችን ሊኑክስን ያሳዩን

የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፕ ዘንድሮ ሦስት ጊዜ ፎርማት ተደርጓል። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ብሎካችን አጠገብ ካለ ኮምፒውተር ቤት ዊንዶውስ ከነክራኩ፣ ማለትም ሳይገዙ ከሚያስከፍተው ሕገወጥ ፕሮግራም ጋር፣ ያስጭናል። ከዚያ የሰው ፍላሽ ይሰካል፣ ቫይረስ ይገባል፣ እንደገና ብር ይከፍላል። በመጨረሻ "ይሄ አርጅቷል፣ ሌላ ግዛ" አሉት።

ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል። የልጁ ላፕቶፕ ያ የለውም። ግን 4 ጊጋባይት ራም አለው። በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተርን የሚያሠራ ሊኑክስ የሚባል ነፃ ሥርዓት አለ፤ ሚንት አንዱ ዓይነቱ ነው። ለሊኑክስ ሚንት 2 ጊጋባይት መነሻ ነው፤ 4 ከሆነ ደግሞ በደንብ ይሠራል።

ሚንትን ፍላሽ ላይ አዘጋጅተን፣ የላፕቶፑን ዲስክ ሳንነካ ከፍላሹ አስነሳነው። ለጀማሪ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ፕሪንተሩ መሥራቱን ሳትጭኑ ታያላችሁ። ካልጣማችሁ ፍላሹን ነቅላችሁ ወደ ነበራችሁበት ትመለሳላችሁ። ለመጫን ስትወስኑ ግን አስቀድማችሁ ፋይሎቻችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ።

ሁሉም አልጋ በአልጋ አልነበረም። እናቱ የዕድር ጸሐፊ ናቸው። የቆዩ ደብዳቤዎቻቸው ዩኒኮድ የሚባለው የኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል አሠራር ከመለመዱ በፊት በነበሩ ፊደላት የተተየቡ ናቸው። ሊብሬኦፊስ በሚባለው ነፃ የጽሑፍ ፕሮግራም ስንከፍታቸው የማይነበቡ ምልክቶች ሆኑ። እሳቸው ሲደነግጡ እኔም ደነገጥኩ። ፊደሉ ያልተጫነበት ዊንዶውስ ላይም ያው ነው የሚሆነው። ቢሆንም ከመጫናችን በፊት ማየታችን በጀን። የአማርኛ ኪቦርዱ ግን በነፃ ተገኘ፤ አዲሱን ደብዳቤ በዚያው ጻፉ። በፒችትሪ ሂሳብ የሚሠራ ሰው ግን፣ ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ የተሠራ ስለሆነ፣ ዊንዶውሱን አይልቀቅ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን መጫን ይቻላል።

ከባዱ ነገር ማውረዱ ነው። ሚንት ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል። በሞባይል ዳታ ለምንኖር ሰዎች ቀላል አይደለም፤ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ አስቡት። ኮምፒውተር ቤቶቹ የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው። አንዴ ያወረዱትን ለመቶ ሰው ቢገለብጡ ሕጋዊ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊኑክስ ፈቃዱ ራሱ አባዙት ይላል። የድካማቸውን ያስከፍሉ፣ ማንም አይከለክላቸውም። ክራክ ከመሸጥ ይሻላቸዋል፣ እኛንም ከቫይረስ ያሳርፉናል።

ፍላሹን ብሎካችን አጠገብ ላለው ባለሱቅ ሰጥቼዋለሁ። የለመንኩት አንድ ነገር ነው፤ ከተደረደሩት አሮጌ ማሽኖች አንዱን በሊኑክስ አስነስቶ ደንበኛ እንዲነካካው በር ላይ እንዲያስቀምጠው።