ሁለት የ8 ኦም ስፒከሮች 16 ኦም አይሆኑም

«የ8 ኦም ስፒከር ባለው የቤዝ ጊታር ኮምቦ (አምፕሊፋየርና ስፒከር በአንድ ላይ የያዘ መሣሪያ) ላይ ሌላ የ8 ኦም የስፒከር ሳጥን ሲጨመር ጭነቱ (ስፒከሮቹ ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳዩት፣ በኦም የሚለካ ተቃውሞ) 16 ኦም ስለሚሆን አምፕሊፋየሩ ይቀለዋል፤ ድምፁም እጥፍ ይሆናል» የሚለው ምክር በሁለቱም በኩል መታረም ይገባዋል። የተጨማሪ ስፒከር መሰኪያው በአብዛኛው ከውስጠኛው ስፒከር ጋር የሚገናኘው በፓራለል (ጎን ለጎን) እንጂ በሲሪየስ (አንዱ ከሌላው ተከትሎ) ስላልሆነ፣ ውጤቱ 4 ኦም ነው፤ ኦሙ ሲቀንስ ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ፍሰት ስለሚጨምር ጭነቱ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ውስጠኛው ስፒከር ራሱ 4 ኦም ቢሆን ኖሮማ፣ ያው ሳጥን ጭነቱን ወደ 2.67 ኦም ያወርደው ነበር፤ ከ4 ኦም በታች እንዲሠራ ያልተሠራ አምፕሊፋየር በዚህ ሁኔታ ከመጠን በላይ ሊግል፣ ራሱን ሊያጠፋ፣ ሲብስም ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ከመሰካት በፊት ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ የተጻፈውን ዝቅተኛ የኦም መጠን ማንበብ ግድ ነው።

ድምፁን በተመለከተ፣ በትራንዚስተር የሚሠሩ አምፕሊፋየሮች ጭነቱ ሲወርድ ተጨማሪ ዋት መስጠታቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ ዋቱ ሙሉ በሙሉ እጥፍ ቢሆን እንኳ (በተግባር ብዙውን ጊዜ አይሆንም) ከዋቱ የሚገኘው ጭማሪ 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ሲሆን፣ ለጆሮ እጥፍ መስሎ የሚሰማው 10 ዴሲቤል ገደማ ነው። በእኔ አስተያየት የሳጥኑ ትልቁ ጥቅም ከዋቱ ይልቅ ሁለተኛው ስፒከር ተጨማሪ አየር በማንቀሳቀስ ለወፍራሞቹ ድምፆች የሚሰጠው ጉልበት ነው። ማገናኛውም የስፒከር ገመድ እንጂ የጊታር ገመድ መሆን የለበትም።