መርከቦቹ በጨረታ ተሸጡ፤ ባህረኞቹስ የት ደረሱ?

ኢትዮጵያ የባህር ኃይሏን ዳግም ለማቋቋም መወሰኗ በ2010 ዓ.ም. ከተነገረ፣ በቀጣዩም ዓመት ከፈረንሳይ ጋር የመከላከያ ትብብር ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ፣ የባህር ጉዳይ ከባህር እጅግ በራቀችው ጅማ እንኳ የዘወትር መነጋገሪያ ሆኗል። የዚህ አካባቢ ሕዝብ ለነገሩ ባዕድ አይደለም። ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስከተጀመረበት እስከ ግንቦት 1990 ዓ.ም. ድረስ የጅማ ቡና ወደ ውጭ ገበያ የሚወጣበት ዋነኛ በር አሰብ ነበር፤ የትራንስፖርቱና የወደቡ ወጪ ዞሮ ዞሮ ከቡናው ዋጋ ላይ የሚቀነስ መሆኑንም ገበሬውም ነጋዴውም ያውቀዋል። በዚህ ሁሉ ውይይት ውስጥ ግን አንድ ጥያቄ ብዙም ሲነሳ አልሰማሁም። የቀድሞው ባህር ኃይል ተሸንፎ ከወደቦቹ ሲወጣ መርከቦቹ ምን ሆኑ? በላያቸው የነበሩት ሰዎችስ የት ገቡ? አዲስ ባህር ኃይል የሚያቋቁም አገር ይህን ሳይመልስ መቀጠሉ ትልቅ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ።

የኢትዮጵያ ባህር ኃይል የተመሠረተው ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተቀላቀለች በኋላ ሲሆን ዋና ሰፈሩ ምፅዋ፣ የመኮንኖች ማሠልጠኛ ኮሌጁ ደግሞ አስመራ ነበር። ትልቁ መርከቡ «ኢትዮጵያ» ይባላል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ባህር ኃይል ውስጥ «ኦርካ» በሚል ስም የባህር አውሮፕላኖችን ሲያገለግል ቆይቶ በ1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የተሰጠ፣ ርዝመቱ ወደ 95 ሜትር የሚጠጋ ማሠልጠኛ መርከብ ነው። የባህር ኃይሉ አዛዥ የነበሩት ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ደርግ ካስገደላቸው 60 ባለሥልጣናት አንዱ ናቸው። ከሶማሊያ ጦርነት ወዲህ ደግሞ የሶቪየት ፍሪጌቶች፣ ሚሳይል ተሸካሚ ፈጣን ጀልባዎችና ታንክ የሚያራግፉ መርከቦች ገቡ፤ ሶቪየቶችም በዳህላክ ደሴቶች የራሳቸውን ሰፈር ይዘው ነበር።

ሽንፈቱ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ሻዕቢያ ከየብስ በእግረኛና በታንክ፣ ከባህር በፈጣን ጀልባዎች ምፅዋን ሲይዝ ባህር ኃይሉ ዋና ቤቱን አጣ፤ የተረፉት መርከቦች በዳህላክና በአሰብ መልህቃቸውን ጥለው ከዓመት በላይ ቆዩ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ወጡ። በዚያው ሳምንት መጨረሻ አስመራ፣ ወዲያው ተከትላ አሰብ ወደቁ። መንቀሳቀስ የቻሉት መርከቦች ቀይ ባህርን አቋርጠው አብዛኞቹ የመን፣ ጥቂቶቹ ሳውዲ አረቢያ ደረሱ። የሚያሳዝነው፣ በዚያው ውሃ ላይ ከ50 ዓመት በፊት ተመሳሳይ ሽሽት ታይቶ ነበር። ምፅዋ በእንግሊዞች እጅ ልትወድቅ ስትቃረብ፣ በሚያዝያ 1941 እ.ኤ.አ.፣ የጣሊያን አጥፊ መርከቦች ለመጨረሻ ጊዜ ወጥተው «ፓንቴራ»ና «ቲግሬ» በገዛ ሠራተኞቻቸው እጅ በአረቢያ ዳርቻ እንዲሰምጡ ተደርገዋል፤ መርከበኞቹም እዚያው ታግተው ቆይተዋል።

የእኛዎቹ ግን አልሰመጡም። የመን ወደቦች ላይ ቆሙ፣ ነዳጅም መለዋወጫም አዛዥም አልነበራቸውም። ጨዋማ ውሃ የቆመ መርከብን ከሚዋጋ መርከብ በላይ ይበላል፤ በየጊዜው ወደ ደረቅ መጠገኛ ገብቶ ቀለሙ ካልተፋቀና ካልተቀባ፣ ሞተሩም በየቀኑ ካልዞረ፣ ጥቂት ዓመት ብቻ በቂው ነው። የመን መርከቦቹ እንዲወጡላት እስክታደርግ ድረስ ሁለት ዓመት አለፈ። በዚህ ጊዜ መንቀሳቀስ የማይችሉት እዚያው ተተዉ ወይም ተሰባብረው ለብረት ተሸጡ። ባህረኛ ሁሉ የተማረበት «ኢትዮጵያ»ም ፍጻሜው በ1993 እ.ኤ.አ. እዚያው የመን ውስጥ ለቁርጥራጭ ብረት መሸጥ ሆነ። የቀሩት ወደ ጅቡቲ ተጓዙ። ለጥቂት ጊዜ መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ መርከቦቹ ጅቡቲ ሆነው ባህር ኃይሉ ሊቀጥል የሚችል መስሎ ነበር፤ ለመርከቦቹ ጥገናም ለወደቡ ክፍያም የሚሆን ገንዘብ ግን አልመጣም። በመስከረም 1989 ዓ.ም. የጅቡቲ መንግሥት ያልተከፈለውን የወደብ ሒሳብ ለማስመለስ መርከቦቹን ይዞ ለጨረታ አቀረበ። ኤርትራ በመጀመሪያ 16ቱን ለመግዛት ፍላጎት ብታሳይም በቀይ ባህር ባሉት የሐኒሽ ደሴቶች ይገባኛል ምክንያት ከየመን ጋር የነበረው ውጥረት እንዳይባባስ በአንድ ሚሳይል ተሸካሚ ጀልባና በሦስት የጥበቃ ጀልባዎች ተወሰነች። የተቀረው ተሰባብሮ ለብረት ሆነ። ባህር ኃይሉም በዚያው ዓመት ፈረሰ፤ ከዚያ ሁሉ የተረፈችው ወደ ጣና ሐይቅ የተወሰደች አንዲት የጥበቃ ጀልባ ናት።

የሽግግሩ ዘመን መንግሥት ከ400 ሺህ በላይ የቀድሞ ሠራዊት አባላትን በትኖ፣ በጦርነት የደቀቀ ኢኮኖሚ ተረክቦ፣ ወደብ ለሌለው ባህር ኃይል ገንዘብ ማውጣቱን ትርፍ ነገር አድርጎ ቢያየው ስሌቱ ይገባኛል። የማልቀበለው ዝምታውን ነው። መሸጥ ካስፈለገ ዋጋ ሳያጡ አገሪቱ ራሷ መሸጥ ትችል ነበር፤ ማስቀመጥ ካስፈለገም ክፍያውን መክፈል ይቻል ነበር። ከሁለቱ አንዱን የሚወስን ስላልነበረ ውሳኔው የአበዳሪ ወደብ ሆነ።

ከመርከቦቹ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ግን የሰዎቹ ነገር ነው። የመርከብ ዕጣ ቢያንስ በወደብ መዝገብና በጨረታ ወረቀት ላይ ይቀራል። ባህረኞቹ ግን ሦስትና አራት ቦታ ተበታተኑ። የመን የደረሱት ከነቤተሰቦቻቸው ስደተኛ ተብለው ተመዝግበው ገሚሶቹ ሦስተኛ አገር እስኪያገኙ ለዓመታት ጠበቁ፣ ገሚሶቹም እዚያው አረጁ። ሳውዲ የገቡ አሉ፤ ምፅዋ ላይ የተማረኩ አሉ፤ በተሐድሶ ካምፕ አልፈው ወደ ትውልድ መንደራቸው የተመለሱ አሉ። ከምፅዋና ከአስመራ ተመልምለው ዕድሜያቸውን በመርከቦቹ ላይ የጨረሱ ኤርትራውያን ደግሞ ከጓዶቻቸው ጋር በአንድ ሌሊት የሁለት አገር ሰዎች ሆኑ።

በእኛ ሰፈርም አንድ የቀድሞ ባህረኛ አሉ። የመርከብ ናፍጣ ሞተር ባለሙያ ነበሩ። ወደ ጅማ ከተመለሱ በኋላ የኖሩት የወፍጮ ቤቶችንና የቡና መፈልፈያዎችን ሞተር እየጠገኑ ሲሆን፣ ድምፁን ብቻ ሰምተው የትኛው ሲሊንደር እንደታመመ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ስለ አገልግሎታቸው የሚመሰክር ወረቀት አምጡ በተባሉበት ቦታ ሁሉ የሚያቀርቡት የላቸውም፤ ሰነዱ መርከቡ ውስጥ ቀርቷል። ሃያ ዓመት ሙሉ በከፍተኛ ወጪ የሠለጠነ ሙያ አንድ ወፍጮ ቤት አዳራሽ ውስጥ እንዳለ አገሪቱ አታውቅም። የእሳቸው ዓይነት ስንት ሰው በየከተማው እንዳለም የሚያውቅ የለም።

ሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን ሽንፈት እንዴት እንደያዘው አንድ ምሳሌ ላንሳ። በኅዳር 1920 እ.ኤ.አ. በሩሲያ የእርስ በርስ ጦርነት ከቦልሼቪኮች ጋር ተዋግቶ የተሸነፈው የጄኔራል ቭራንጌል ወገን 126 በሚሆኑ መርከቦች ወደ 146 ሺህ ሰው ጭኖ ከክሪሚያ ወደ ቁስጥንጥንያ ወጣ። ከጦር መርከቦቹ 33ቱ፣ ወደ 6 ሺህ ከሚጠጋ ሰው ጋር፣ በፈረንሳይ እጅ ወደነበረችው የቱኒዚያ ወደብ ቢዘርታ ተላኩ። ፈረንሳይ ለሶቪየት ኅብረት በጥቅምት 1924 እ.ኤ.አ. እውቅና ስትሰጥ ባንዲራቸው ወረደ። መርከቦቹም እንደእኛዎቹ ሁሉ ቀስ በቀስ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ። በመርከቦቹ ዕጣ በኩል ሁለቱ ታሪኮች አንድ ናቸው። ሰዎቹ ግን አልጠፉም፣ ምክንያቱም ስደት ላይ ሆነው ስለራሳቸው ጽፈዋል። አሮጌ የጦር መርከብ የቤተሰቦች መኖሪያና የልጆች ትምህርት ቤት አደረጉ፤ አንድ ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ መጽሔት ያትሙ ነበር፤ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ከየኪሳቸው አዋጥተው ለመርከቦቻቸው መታሰቢያ የሚሆን ቤተ ክርስቲያን በቢዘርታ ሠሩ። የአንድ አጥፊ መርከብ አዛዥ ልጅ የነበረችው አናስታሲያ ሺሪንስካያ በስምንት ዓመቷ እዚያ ደርሳ፣ በሂሳብ መምህርነት ኖራ፣ እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ የእነዚያን ሰዎች ስም ስትጠብቅ አረፈች። የሩሲያ መንግሥት ዞር ብሎ ሊያስታውሳቸው በፈለገ ጊዜ የሚነበብ ነገር አገኘ።

እኛ ዘንድ ይህ ሥራ ገና አልተጀመረም ማለት ይቻላል። ጡረታ የወጡ መኮንኖች የጻፏቸው ትዝታዎች ቢኖሩም የመኮንን ትዝታ የተራውን ባህረኛ፣ የሬዲዮ ሠራተኛውን፣ የሞተር ክፍሉን ሰው ታሪክ አይተካም። እንደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የታሪክ ትምህርት ክፍል ያላቸው ተቋማት፣ እያንዳንዳቸው በየአካባቢያቸው የሚኖሩትን የቀድሞ ባህረኞች ፈልገው ቃላቸውን ቢቀርጹ ወጪው የአንድ አነስተኛ የምርምር ፕሮጀክት ያህል ነው። ጥያቄዎቹም ግልጽ ናቸው፦ በየትኛው መርከብ ነበሩ፣ ከአሰብ ወይም ከዳህላክ በየትኛው ቀን ወጡ፣ ማን አዘዘ፣ ማን ቀረ፣ ማን ሞተ፣ የት ተቀበረ? መከላከያ ሚኒስቴርም የአገልግሎት ሰነዳቸው ለጠፋባቸው ሰዎች የጓዶቻቸውን ምስክርነት በማስረጃነት የሚቀበልበት ሥርዓት ቢዘረጋ፣ ሁለቱ ሥራዎች ይደጋገፋሉ። የኤርትራውያኑ ባህረኞች ስምም ከዚህ መዝገብ ሊቀር አይገባም፤ በአንድ መርከብ ውስጥ አብረው የተራቡና አብረው የተኮሱ ሰዎችን በኋላ በተሠመረ ድንበር መለየት መዝገቡን ሐሰተኛ ያደርገዋል።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ባህረኛ ዛሬ ሃምሳዎቹን አጋምሷል፤ በዚያን ጊዜ መርከብ ያዝዙ የነበሩት በሕይወት ካሉ ሰማንያን እየተጠጉ ነው። ስለዚህ ሥራው ከአዛዦቹ መጀመር አለበት፤ አዲሱ ባህር ኃይልም ሠልጣኞቹን ሲያስተምር እነዚህን ሰዎች ወደ ክፍል ጠርቶ እንዲናገሩ ማድረግ የሚችለው በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ብቻ ነው።