ድርሻና ቀሪ

ለገና ጎንደር የገባን ዕለት የልጄ ሻንጣ ሲፈታ ከሹራቡና ከቸኮሌቱ ሥር አሥራ ሁለት ገጽ የሒሳብ መልመጃ ወጣ። ልጅቷ በሜሪላንድ አምስተኛ ክፍል ናት፤ አስተማሪዋ ሁለት ሳምንት ከትምህርት እንደምትቀር በሰማች ጊዜ «ማካፈልን እንዳትረሳ» ብላ ጠርዛ የሰጠቻት ነው። አራተኛ ክፍል የሚማረው የእኅቴ ልጅም በዚያው ሳምንት ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣው የቤት ሥራ ይኸው የሙሉ ቁጥሮች ማካፈል ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ልጆች ከቅዳሜ ገበያ ብዙም በማይርቀው የእኅቴ ቤት አንድ ጠረጴዛ ከበቡ፤ እኔም የአሥራ ስምንት ዓመት የስደት ክርክሬን ይዤ ከአጠገባቸው ተቀመጥሁ።

ክርክሩ ውጭ አገር ለምንኖር ሁሉ የታወቀ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ሻይ ይዘን ስንቆም አንዱ ወላጅ «እዚህ አምስተኛ ክፍል ደርሰው እንኳ ማካፈል አይችሉም፤ እኛ በአራተኛ ክፍል ጨርሰነው ነበር» ይላል፤ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፤ የሚቃወም የለም። አገር ቤት ስንመጣ ደግሞ ዘመድ ሁሉ የልጆቻችንን ወረቀት በአድናቆት እያገላበጠ «የውጭ ትምህርት እኮ ሌላ ነው» ይለናል። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነበርሁ። እውነቱን ለመናገር ግን እስከዚያ ምሽት ድረስ የሁለቱን አገር ልጆች አንድ ጥያቄ ሰጥቼ ጎን ለጎን ሲሠሩ አይቼ አላውቅም ነበር።

ጥያቄው 4212 ለ6 ሲካፈል ስንት ይደርሳል የሚል ነው። የእኅቴ ልጅ እርሳሱን አነሣ፤ በ42 ውስጥ 6 ሰባት ጊዜ መኖሩን ጣቱን ሳይቆጥር ያውቀዋል፤ 7ን ከላይ ጻፈ፤ ሰባት ስድስት አርባ ሁለት ብሎ ከሥር አስቀመጠ፤ ሲቀንስ ዜሮ ሆነ። 1ን አወረደ፤ በ1 ውስጥ 6 ስለሌለ ሳይቆም 2ንም አወረደ፤ በ12 ውስጥ 6 ሁለት ጊዜ አለ፤ 2ን ከ7 ጎን ጻፈ። አቦል ገና ከጀበናው ሳይቀዳ ሥራውን ጨርሶ 72 ከሚለው መልስ ሥር ሁለት መስመር አሰመረ።

ልጄ በበኩሏ ገጹን ሁሉ ያዘችው። አንድ መቶ ጊዜ 6 ስድስት መቶ ነው ብላ ከ4212 ላይ ቀነሰች፤ 3612 ቀረ። እንደገና 600 ቀነሰች፤ 3012። እንዲህ እያለች፣ በጎን በኩል 100፣ 100፣ 100 እየጻፈች፣ ሰባት ጊዜ ወረደች፤ መጨረሻ ላይ 12 ሲቀራት ሁለት ጊዜ 6 ብላ ዘጋችውና የጎኑን ቁጥሮች ደመረች። አምስት መቶውን በአንድ ጊዜ ብታወጣ ሦስት መስመር ይበቃት ነበር፤ ግን አምስት ስድስትን ለማስታወስ ጣት ትቆጥራለችና በምታምነው በመቶው ሄደች። ቶናው ሲቀዳ መልሷን አነበበች፤ 702።

እኅቴ ሁለቱን መልሶች ሰምታ ወደ እኔ ዞረች። እኔም በሆዴ ያዘንሁት ለፈጣኑ ነው፤ ምክንያቱም በእሱ ዕድሜ ያንኑ ስሕተት ሠርቼ ኩርኩም ቀምሼበታለሁ። ኩርኩሙ ዜሮዋን እንዳልረሳ አድርጎኛል፤ ዜሮዋ ለምን እንደምትጻፍ ግን አልነገረኝም። 42 ያልነው በእርግጥ 42 መቶ ነው፤ ከዚያ የተገኘው 7ም የመቶ ቤት 7 ነው። ቀጥሎ የወረደው 1 በአሥር ቤት ያለ ነው፤ አንድ አሥር ለስድስት ሰው አይዳረስም፤ ስለዚህ በድርሻው የአሥር ቤት ባዶ መሆኑን የምትመሰክር ዜሮ ያስፈልጋል። እሷ ካልተቀመጠች 7 ከመቶ ቤቱ ተንሸራቶ አሥር ቤት ይገባል፤ ሰባት መቶውም ሰባ ይሆናል። ልጄ ይህን ሁሉ አላለችም፤ በተሰባበረ አማርኛዋ «ሰባ ስድስት ጊዜ አራት መቶ ሃያ ነው፤ ይሄ ግን አራት ሺህ ነው፤ አይሆንም» አለች እንጂ። የእኅቴ ልጅ 72ን በ6 አባዝቶ 432 ሲያገኝ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሥራውን ከጀመረ ጀምሮ ቁጥሩ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ለአፍታ እንኳ አላሰበም፤ እንዲያስብም የጠየቀው ሰው የለም።

እዚህ ላይ የሜሪላንዱን አሠራር ላስረዳ። በ2010 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነውና ሜሪላንድን ጨምሮ አብዛኞቹ ግዛቶች የተቀበሉት፣ ኮመን ኮር የተባለው መመዘኛ አራተኛ ክፍል ላይ እስከ አራት አሃዝ ያለው ተካፋይ ለባለ አንድ አሃዝ አካፋይ፣ አምስተኛ ክፍል ላይ ደግሞ ለባለ ሁለት አሃዝ አካፋይ እንዲካፈል ይጠይቃል። ነገር ግን በሁለቱም ክፍሎች ልጁ በቁጥር ቤት፣ በሥዕልና ማባዛትና ማካፈል ባላቸው ዝምድና እያሰበ እንዲሠራ እንጂ እኛ የምናውቀውን ረጅሙን የማካፈል ዘዴ አቀላጥፎ እንዲችል አይገደድም። ያ የሚጠበቅበት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ስለዚህ የአዳራሹ ወሬያችን ግማሽ ሐቅ አለው፤ ልጆቹ የዘገዩት ስለደነዘዙ ሳይሆን ሆን ተብሎ እንዲዘገዩ ስለተደረገ ነው። ዘዴውን ሲማሩትም «ዳድ፣ ማም፣ ሲስተር፣ ብራዘር» እያሉ በቤተሰብ ስም የመጀመሪያ ፊደል ያጠኑታል፤ አካፍል፣ አባዛ፣ ቀንስ፣ አውርድ የምንለው መሆኑ ነው። (የእኛ ለዜማም አይመችም፤ ቢሆንም ትእዛዝ ነውና ይታዘዙታል።)

የዚህ መዘግየት ምክንያት ከአሜሪካኖቹ የራሳቸው ድንጋጤ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በተሰጠ አገር አቀፍ ምዘና ላይ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች፣ አንድ አውቶቡስ 36 ወታደር ቢይዝ 1128 ወታደሮችን ለማጓጓዝ ስንት አውቶቡስ ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ቀርቦ ነበር። ብዙዎቹ ማካፈሉን በትክክል ሠሩ። ከመቶ 29ኙ ግን መልሱ «31 ቀሪ 12» ነው አሉ፤ 32 አውቶቡስ ያሉት ከመቶ 23ቱ ብቻ ነበሩ። አሥራ ሁለቱን ወታደሮች መንገድ ላይ ጥሎ የሄደው እጅ ቀልጣፋ እጅ ነበረ። የእኅቴ ልጅ እጅም እንደዚያው ነው።

ቢሆንም በሜሪላንዱ መንገድ ላይ ያለኝን ቅሬታ አልደብቅም። እኔ እንደማየው ማባዛትን በቃል ማጥናት እንደ ኋላ ቀርነት ስለሚታይ፣ ልጁ ሐሳቡን ሁሉ ሰባት ስምንትን ሲፈልግ ይጨርስና ዋናው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ደክሞ ይገኛል። አንድ ጊዜ ልጄ እኔ ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ባስተማርኋት መንገድ ትክክለኛውን መልስ ይዛ ሄዳ «ሐሳብሽን በሥዕል አሳዪ» የሚል ማስታወሻ ተጽፎበት ተመለሰላት። ተናድጄ ነበር። ጎንደር ተቀምጬ ሳስበው ግን አስተማሪዋ የጠየቀቻት እኔ ልነግራት ያልቻልሁትን ነገር ነበር።

ወደ ጎንደሩ ክፍል ስንመጣ፣ እኔ በተማርሁበት ጊዜ በአንድ ዴስክ ሦስት ሆነን አንድ መጽሐፍ ለሦስት እንካፈል ነበር፤ የእኅቴ ልጅም ዛሬ ከሃምሳ የሚበልጡ ልጆች ባሉበት ክፍል ይማራል። ከዚህ አንጻር ሲታይ ረጅሙ ዘዴ የድሃ ትምህርት ቤት ባለውለታ ነው፤ ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃዋል፤ የማባዣው ሰንጠረዥ በደብተሩ ጀርባ ታትሞ ይገኛል፤ አንድ መምህር በአርባ ደቂቃ ውስጥ ሃምሳ ደብተር ማረም የሚችለውም መንገዱ አንድ፣ መልሱም ከታች መስመር የተሠመረበት አንድ ቁጥር ሲሆን ብቻ ነው። የእያንዳንዱን ልጅ የሐሳብ መንገድ እየተከተለ ያንብብ ብንለው ሌሊቱን ሁሉ አይበቃውም። ስለዚህ ቤተሰቦቼ «የውጭውን ዘዴ ለምን አታመጡልንም» ሲሉኝ የምመልሰው አጭር ነው፤ ሠንጠረዡን አትንኩ፤ እርሳስ ከመነሣቱ በፊት ግን መልሱ በመቶ ቤት ይሆናል ወይስ በአሥር ቤት ብላችሁ ጠይቁት። ይህ ወጪ የለውም።

ከዚህ ሁሉ ያስደነቀኝ ግን ቃሉ ነው። ልጄ የማካፈልን ውጤት ኮሸንት ትለዋለች፤ ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ፍቺው «ስንት ጊዜ» ማለት ነው። የእኅቴ ልጅ ድርሻ ይለዋል፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ማለት ነው። አንዱ ቃል ስድስት በአራት ሺው ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳለ ይቆጥራል፤ ሌላው አራት ሺውን ለስድስት ሰው ያድላል። መልሱ አንድ ነው፤ ሐሳቡ ሁለት ነው። የሚገርመው ነገር፣ ድርሻ የሚል ቃል ያለው ልጅ ሲሠራ የሚያስበው ስለ ድርሻ አይደለም፤ ሰባት ስድስት አርባ ሁለት እያለ ነው።

ስለ ድርሻ የሚያስቡትን ያገኘኋቸው በገናው ቅርጫ ላይ ነው። አሥራ አራት አባወራ ሆነን በ94,000 ብር በሬ ገዛን። አማቼ በስልኩ ሲመታው 6714 ብሎ ከነጥብ በኋላ የማያልቅ ቁጥር ዘረገፈበት፤ የእኅቴ ልጅ ደግሞ ወረቀት ላይ 6714 ቀሪ 4 ብሎ አመጣ። ዕድሜ ጠገቡ ሰብሳቢ ሁለቱንም ሰምተው «6720 አዋጡ፤ የሚተርፈው ሰማንያ ብር ለጨውና ለቢላዋ መሳያ ይሁን» አሉና ነገሩ አለቀ። ሥጋውም በመደብ በመደብ ተደልድሎ ዕጣ ተጣለበት። አራት ብር ለአሥራ አራት እንደማይካፈል፣ ተካፍሎ የማያልቀው ነገር ግን አንድ ቦታ መግባት እንዳለበት ከልጆቹ አንዳቸውም በትምህርት ቤት አልተነገራቸውም።

በማግሥቱ ጎረቤታችን መሪጌታ ቡና ሊጠጡ መጡና የልጆቹን ወረቀት አነሡ። በጎንደር ያደገ ሰው እንደሚያውቀው ከተማዋ ከቤተ መንግሥቷ እኩል የምትጠራው በአቋቋም ጉባኤዋ ነው፤ እሳቸውም ባሕረ ሐሳቡን፣ ማለትም የዘመንና የበዓላት ማውጫውን ስሌት፣ ከዚያው ከጉባኤ ቤት ይዘውት የወጡ ናቸው። «ይኸ ሁሉ ቁጥር ምንድን ነው፤ ከታች የቀረው የት አለ?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ ድርሻውን አሳዩአቸው። «እሱን አይደለም» አሉ።

ከዚያም የዘንድሮውን መስከረም 1 አወጡላቸው። ዓመተ ዓለም፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት፣ የሚገኘው 5500ን ከ2018 ጋር በመደመር ነው፤ 7518። ይህ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይቀራል፤ ቀሪው 2 ዓመቱ የማርቆስ መሆኑን ይናገራል፤ ቀሪ 1 ቢሆን ማቴዎስ፣ 3 ቢሆን ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ቢያልቅ ዮሐንስ ነበር። 1879ም አይጣልም፤ መጠነ ራብዒት ይባልና ከ7518 ጋር ይደመራል፤ 9397 ይሆናል። አሁን በሰባት ይገደፋል፤ ሰባት ሰባቱ ወጥቶ ቀሪው ብቻ ይያዛል ማለት ነው። መሪጌታ ይህን ሁሉ ያለ ወረቀት ነው የሠሩት፤ የግዕዝ ቁጥር ዜሮም የቁጥር ቤትም ስለሌለው ፸፭፻፲፰ ብሎ ጽፎ ከሥሩ እያወረዱ ማካፈል አይቻልም። የእኅቴ ልጅ ግን በራሱ መንገድ ተከተላቸው፤ በ9 ውስጥ 7 አንድ ጊዜ፣ ቀሪ 2፤ 3 ሲወርድ 23፣ ሦስት ጊዜ፣ ቀሪ 2፤ 9 ሲወርድ 29፣ አራት ጊዜ፣ ቀሪ 1፤ 7 ሲወርድ 17፣ ሁለት ጊዜ፣ ቀሪ 3። አንድ ማክሰኞ፣ ሁለት ረቡዕ፣ ሦስት ሐሙስ። ልጄ የአባቷን ስልክ ከፍታ የመስከረም 1ን ዕለት አየች፤ ሐሙስ ነበር።

«እስቲ የሚመጣውን ዓመት እናንተ አውጡ» አሉ መሪጌታ። ልጄ 5500ን ከ2019 ደምራ፣ ለ4 አካፍላ፣ 1879ን መልሳ ጨምራ 9398 አገኘች፤ ያን ቁጥር ወደ ወንድሟ ገፋችለት፤ እሱም በሰባት ወረደበት። ከመጀመሩ በፊት ግን እርሳሱን አቁሞ «ሺህ ቤት ይገባል» ሲል ሰማሁት። 1342 ወጣ፤ ከሥሩ 4 ቀረ። ከልማዱ የተነሣ ከ1342 ሥር ሁለት መስመር አሰመረ።

«ዓርብ» አለች ልጄ ቀድማው።

«ታዲያ የኔታ፣ ይኸ 1342ቱስ ምን ይሆናል?» አላቸው።

«እሱማ ተገድፏል፤ ያለፈ ሳምንት ምን ያደርግልሃል?» አሉና ስኒያቸውን ለበረካ ዘረጉ። የእኅቴ ልጅ ጥቂት አሰበና ላጲሱን አንሥቶ ሁለቱን መስመሮች አጠፋ፤ ከታች ያለችውን 4 ግን ዙሪያዋን አከበባት።