እናቴ ቁጭ ያለችበት ሰኔ

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር፣ ወንድሜ ቤት ሆኜ ነው። የወንድሜ ሴት ልጅ ባለፈው እሑድ 80 ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ተነሣች። ትናንት ደግሞ ግንቦት ልደታ ነበር። እናቴ ከወሊዱ ቀን ጀምሮ እዚህ ናት። አባቴ ከሞጣ አካባቢ ለክርስትናው ደረሰ። እኔም ሁለት ዓመት የሞላትን ልጄን ይዤ ከስዊድን መጣሁ። ቤቱ ሞልቷል። ጎረቤት ይገባል፣ ይወጣል። ቡናው ከምድጃው አይወርድም። እኔ ግን ከመጣሁ ጀምሮ ዓይኔ እናቴ ላይ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት፣ እናትና አባቴ ለእኔ ልጅ ክርስትና ስዊድን መጥተው ነበር። ያንን ክርስትናና ይህንን ክርስትና ጎን ለጎን ሳያቸው፣ እስከ ዛሬ ልብ ያላልኩት ነገር ታየኝ። እሱን ነው ላጫውታችሁ የፈለግሁት።

መጀመሪያ የቀኑን ነገር ልንገራችሁ። በእኛ ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። አባቴ ምክንያቱን ከኩፋሌ እየጠቀሰ ነው ያሳደገን። አዳም በተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በተፈጠረች በ80 ቀኗ ገነት ገቡ ይላል መጽሐፉ። የሸንገን ቪዛ ደግሞ የራሱ ቁጥር አለው። በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይፈቀድም። ለእናቴና ለአባቴ የተፈቀደላቸው 60 ቀን ነበር። እናቴ ለወሊዴ ብትመጣ ክርስትናው ያመልጣታል። ለክርስትናው ብትመጣ የአራስነቴ ጊዜ ያልፋል። አንዱን መምረጥ ነበረባት።

በስልክ ተማከርን። ያን ሰሞን ጎጃም ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ልጄ ስትወለድ እናቴ መልኳን አላየችም። ለቅሶዋን ብቻ ነው የሰማችው። "ድምጧ የእናቴን ይመስላል" አለች። ከዚያ ዝም ብላ ቆየችና "ልጀ፣ ለክርስትናው ልምጣ። ገንፎውን ሰው አይነሳሽም" አለችኝ።

ገንፎውን ሰው አልነሳኝም። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ተራ ገብተው አረሱኝ። ባለቤቴም ከሥራ ቀርቶ ቤት ዋለ። ስዊድን ውስጥ ለአንድ ልጅ ሁለቱ ወላጆች የሚካፈሉት፣ ክፍያ ያለው 480 ቀን አለ። ከዚያ ውስጥ 90ው ለአባት ብቻ የተቀመጠ ነው። ለሚስቱ ላስተላልፍ ቢል አይችልም። ባለቤቴ ልጅ ማጠብ፣ ማስገሳት፣ ሌሊት ማባበል የተማረው በእነዚያ ቀናት ነው። ይህን በምስጋና ነው የምናገረው።

ወንድሜ ያገኘው 3 ቀን ነው። የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለአባት የሚሰጠው የወሊድ ፈቃድ ይኸው ነው። ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን አለ። ወንድሜ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባ። ማንም አልተጨነቀም። ምክንያቱም እናቴ ነበረች።

ወደ ስዊድን ልመለስ። እናቴ ለልጄ አናት ብላ ለጋ ቅቤ ይዛ መጥታ ነበር። በኮባ ጠቅልላ፣ በላዩ ላይ ጨርቅ አስራ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ወሰዱባት። ሕጉ ሕግ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋም ሆነ የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። አስቀድሜ ልነግራት ይገባ ነበር፣ ረሳሁ። እናቴ በአስተርጓሚ "የሚበላ አይደለም፣ ለሕፃን አናት ነው" እያለች ለመነቻቸው። ልጄን ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀፈቻት እንባዋ ሳይደርቅ ነው።

ክርስትናው በኪራይ በምንገለገልበት የስዊድናውያን ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ። ቀሳውስቱ አንድም ሥርዓት አላጎደሉም። የክርስትና እናቷ ፊቷን ወደ ምዕራብ አዙራ ሰይጣንን ካደች፤ ወደ ምሥራቅ ዞራ አመነች። ሜሮኑ ተቀባ፣ ማተቡ ታሰረ፣ ልጄ ቆረበች። በስድስት ሰዓት ግን ቁልፍ ማስረከብ ነበረብን። ድግሱም እስከ ማታ የተከራየነው አዳራሽ ውስጥ ነበር። አባቴ እንግዶቹ ጫማቸውን አድርገው ሲበታተኑ አይቶ "ማንም አላደረም?" ብሎ ጠየቀኝ። ክርስትና ተነሥቶ ሰው ሳያድር መቅረቱ ገረመው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ናቸው ከልቤ የማይጠፉት። እዚያ ግንቦት ማለቂያና ሰኔ የበጋ መግቢያ ነው። ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል። ሰው ሁሉ ምሳውን ይዞ ሐይቅና ጫካ ይወርዳል። እኛም ወረድን፤ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ባለቤቴ ቤት ስለነበረ በአዘቦትም ቀን።

እናቴ መጀመሪያ ፈርታ ነበር። ስዊድናውያን ሕፃን በጋሪ አስተኝተው ከካፌ በር ላይ ያቆማሉ፤ ራሳቸው ውስጥ ቡና ይጠጣሉ። በክረምትም ሳይቀር። ልጅ ንጹሕ አየር እያገኘ ይተኛል ብለው ነው። እኛ ዘንድ ክርስትና ያልተነሣ ልጅ ከቤት አይወጣም። ከተነሣም በኋላ ምች እንዳይመታው በቀትር ይሸፈናል። እናቴ አንዱን ጋሪ አይታ እናትዮዋ እስክትወጣ ድረስ አጠገቡ ቆማ ጠበቀች። ያልታወቀች አሮጊት የማታውቀውን ልጅ ስትጠብቅ። እናትዮዋ ወጥታ ስታያት ደነገጠች። ነገሩን ሳስረዳት ግን እናቴን አቀፈቻት።

አባቴን የገረመው ጫካው ነው። በጥዱ መሐል እየሄድን "የማን ነው?" አለ። ባለቤቴ ከሩቅ የሚታይ ቤት አሳይቶ "የዚያ ሰውዬ" አለው። አባቴ ቆመ። "ሳያስፈቅዱ የሰው መሬት ይገባል እንዴ?" አለ። እዚያ አገር ማንም ሰው በማንም ጫካ መሄድ፣ ፍራፍሬ መልቀም ይችላል፤ ዛፍ አለመቁረጥና የሰው ግቢ አለመድፈር ነው ግዴታው። አባቴ ሲሰማ ቆይቶ "እኛ ዘንድ ዛፍ የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ያም እግዚአብሔር ስለተፈራ ነው። እነዚህ ማንን ፈርተው ነው?" አለ። መልስ አልሰጠሁትም። እስካሁንም የሚያረካኝ መልስ የለኝም።

እናቴ ሐይቁ ዳር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ትፈትል ነበር። ባዘቶና እንዝርት ይዛ ነው የመጣችው። ለልጄ ጋቢ የሚሆን ፈትል ልትጨርስ ቆርጣለች። አንዲት ጎረቤታችን፣ እድሜዋ ከእናቴ የማይርቅ፣ ሹራብ የምትሠራበትን ክር ይዛ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ቋንቋ የላቸውም። አንዷ ታሾራለች፣ አንዷ በመርፌ ታጠላልፋለች። አልፎ አልፎ የሌላዋን ሥራ በጣታቸው እየዳሰሱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ለሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ዋሉ። ያን ጊዜ "እናቴ ሥራ ፈታ ተሰላቸች" ብዬ አዝኜላት ነበር። ስሕተቱ የእኔ ነበር።

ሰኔ ሲገፋ አባቴ እረፍት አጣ። እርሻው ጠራው። ገና ቀን ሳያልቅባቸው ተመለሱ። እናቴ ብቻውን ልልቀቀው አልችልም ብላ አብራው ሄደች። እነሱ በሄዱ ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ፣ ስዊድን አዲስ ሕግ አወጣች። እያንዳንዱ ወላጅ ከወሊድ ፈቃዱ እስከ 45 ቀን ለሌላ ሰው፣ ለምሳሌ ለአያት፣ መስጠት ይችላል። አያቷ ልጁን ይዛ ትውላለች፣ መንግሥት ይከፍላታል። የአገሩ ማኅበራዊ ዋስትና የሌላትን የእኔን እናት የሚመለከት አይደለም። ዜናውን ሳነብ ግን ተከፋሁ። የአያትነት ቀን እንደ ቀን ሥራ ይቆጠራል ወይ? እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም ብዬ ኮራሁ።

አሁን ባሕር ዳር መጥቼ ነው የኮራሁበትን ያየሁት።

እናቴ እዚህ 80 ቀን አልፏታል። አንድም ሰው አልቆጠረውም። የምትነሣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ገንፎ ታገነፋለች፣ አራሷን ታጥባለች፣ የሕፃኗን ልብስ ታጥባለች፣ ለጠያቂ ቡና ታፈላለች። ለክርስትናው የጠላውን ድፍድፍ ያሰናዳችው እሷ ናት። ዶሮውን የገነጠለችው እሷ ናት። የክርስትናው ሌሊት ሁላችንም ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እናቴ ወጥ እንዳይቃጠል ብላ ቤት ቀረች። ስዊድን ድረስ ለክርስትና የተሻገረች ሴት፣ እዚህ ሰፈር ውስጥ የተፈጸመውን ክርስትና አላየችም። እልልታው ሲገባ ማማሰያ በእጇ ይዛ ከማድቤት ብቅ አለች።

ድግሱ ያማረ ነበር። ከሞጣ፣ ከአዴት ሰው መጣ። ባዶ እጁን የመጣ የለም። አንዱ ዳቦ፣ አንዱ ማር፣ አንዱ በማዳበሪያ ማኛ ጤፍ። ሰውም አደረ፤ መሬት ላይ ተነጥፎ፣ እግር ከእግር ተነካክቶ። የክርስትና እናቷ ጎረቤት ናት፤ ከእሑድ ጀምሮ ዘመዳችን ሆናለች፣ ከእንግዲህ በሁለቱ ቤት መጋባት የለም። ይህን ሁሉ በማየቴ ደስ ብሎኛል። ልጄም አክስት፣ አጎት ማለት ምን እንደሆነ በአንድ ሳምንት ገባት። ስዊድን ውስጥ በሥዕል መጽሐፍ ላስተምራት ስሞክር ነበር።

ሐሙስ ዕለት አባቴና እኔ ልጄን ይዘን አዲሱን የአባይ ድልድይ በእግራችን ተሻገርን። 380 ሜትር ይረዝማል። የተመረቀው በዚያው በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ነው፣ እኛ ዘንድ ለመምጣት በሚሰናዱበት ወር። አባቴ መሐል ላይ ቆሞ አባይ ከጣና የሚወጣበትን አቅጣጫ ለልጄ አሳያት። ስንመለስ እናቴን "እንዴት ነው ድልድዩ፣ አያምርም?" አልኳት። "አላየሁትም፣ ልጀ" አለች። ከወንድሜ ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ አይሞላም። ሰማንያ ቀን።

ማታ ወንድሜን ለብቻው አነጋገርኩት። ክፉ ልጅ አይደለም። "እሷ እኮ ደስ ብሏት ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ደስ ብሏታል። እኔም ብሆን እዚሁ ብወልድ ኖሮ እንደሱ ነበር የማስበው። ግን ያን ስዊድን ያናደደኝን 45 ቀን አስታወስኩ። የሚቆጥር ሰው ቢያንስ እንደደከመች ያውቃል። እኛ ፍቅር ነው ብለን ሳንቆጥር ቀረን፤ ወገቧን ይዛ ስትነሣ ግን ሁላችንም እናያለን። በሕይወቴ እናቴን ቀን ሙሉ ቁጭ ብላ ያየኋት በዚያ በሰኔው ሐይቅ ዳር ብቻ ነው። ተሰላችታ አልነበረም። አርፋ ነበር።

ትናንት ግንቦት ልደታ ነበር። የሰፈሩ ሰው እንደ ወጉ ከቤት ወጥቶ ዛፍ ጥላ ሥር ተሰበሰበ። ባቄላና ስንዴው ተቀቀለ። እመቤታችን በሊባኖስ ተራራ፣ ደጅ ተወለደች ስለሚባል ነው ከቤት የሚወጣው። ሐናና ኢያቄም በስደት ላይ ሆነው ንፍሮ እንደበሉ ሽማግሌዎቹ ይናገራሉ። ቄሱ ሲባርኩ "ሐና የጌታችን አያት" ሲሉ ሰማሁ። ስንት ጊዜ የሰማሁት ቃል ነው። ትናንት ግን ዓይኔ ወደ ምድጃው ሄደ። እናቴ ተጎንብሳ እሳቱን እፍ ትላለች።

ቤት ገብቼ ሻንጣዋን ከፈትኩ። እንዝርቷ ከሥር ነበር፣ ባዘቶው እንደታሰረ። ለሁለተኛዋ የልጅ ልጇ ልትፈትል ብላ ከሞጣ ይዛው መጥታ አንድ ልቃቂት እንኳ አልወጣውም። ይዤው ወጣሁ። ዛፉ ሥር አጎዛ አነጠፍኩ። እጇን ይዤ ከምድጃው አስነሣኋትና አስቀመጥኳት። እንዝርቱን ጉልበቷ ላይ አኖርኩ። ልጄ ሮጣ መጥታ ተለጠፈችባት።

"አንች፣ ንፍሮው?" አለች።

"እኔ አለሁበት፣ እማዬ።"

ወንድሜ ከወንዶቹ መሐል ተነሥቶ እንጨት ሊያመጣ ሄደ። እናቴ ለአፍታ ምድጃውን አየች። ከዚያ ከባዘቶው ትንሽ መዘዝ አድርጋ እንዝርቱን አሾረች።

"ጨው እንዳታበዢበት" አለችኝ።