የብስክሌት ውድድር ወደ ድሬዳዋ የሚመለሰው በሥራ መንገድ ነው

በመስከረም 2018 ዓ.ም. ኪጋሊ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮናን በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ አስተናገደች። ከዚያ በፊት በ2016 ዓ.ም. ክረምት ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ የቱር ደ ፍራንስን አረንጓዴ ማሊያ፣ ለነጥብ መሪው የሚሰጠውን፣ ወስዷል። የእኛም ሰዎች በዚህ ስፖርት ቦታ አላቸው። ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ተወዳድሯል፤ ፅጋቡ ግርማይ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይህን ሁሉ የሰማ፣ በልጅነቱ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ብስክሌት ሲነዳ ያደገ የድሬ ልጅ፣ ዛሬ በሠላሳና በአርባ ዓመቱ ተመልሶ መውጣት ቢያምረው አይገርምም።

የሚያሳስበው አጀማመሩ ነው። ተመላሹ ገና በመጀመሪያው እሑድ ከከተማው ወደ ደጋው ወደሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ይሄዳል፤ ጉልበቱን ያመዋል፤ ብስክሌቱም ተመልሶ ግድግዳ ይደገፋል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን ሌላ ነው። ብስክሌቱ መጀመሪያ ወደ ሥራ ያመላልስ፣ ውድድሩ ከዚያ ይከተላል። ይህ ለብስክሌተኛውም ለከተማውም ይሠራል።

ድሬዳዋ ለዚህ የተመቸች ናት። ከሳቢያን ከዚራ፣ ከአዲስ ከተማ መጋላ ያለው ርቀት በብስክሌት ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። በሙቀቱ ምክንያት ብዙ ሰው እኩለ ቀን ላይ ቤቱ ገብቶ ምሳውን በልቶ አርፎ ይመለሳልና በቀን የሚደረገው ጉዞ አራት ነው። ቤትና መሥሪያ ቤት አምስት ኪሎ ሜትር ከተራራቁ በሳምንት አምስት ቀን መቶ ኪሎ ሜትር ይሞላል። ለልምምድ ተብሎ ከእንቅልፍ የሚቀነስ ሰዓት የለም። የቀትሩን ሁለት ጉዞ ግን ለጉልበት ማሳያ አለማድረግ ነው፤ በቀላል ማርሽ፣ ሳይጣደፉ፣ ጥላ ያለበትን መንገድ ይዞ መሄድ።

ለዓመታት የቆመ ብስክሌት ከመነዳቱ በፊት አንድ ቅዳሜ ይፈልጋል። መጀመሪያ ጎማው ይታያል። የድሬ ፀሐይ የጎማውን ጎን ትሰነጥቃለች፤ ስንጥቁ ውስጥ ክር ከታየ ጎማው አልቋል፣ ንፋስ ቢይዝም አይታመንም። ካላማዳሪያው ደግሞ በቫልቩ ሥር ይሰነጠቃል፤ እዚያ ላይ መለጠፊያ አይዝም፣ መለወጥ ነው። የፍሬን ጎማ በዕድሜ ብዛት ይደድራል፣ ፊቱም ያብለጨልጫል። ብዙ ውፍረት ከቀረው በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ለስላሳውን ፊት ማውጣት ይበቃል፤ ሲታሰርም ከፊት በኩል ያለው ጫፍ ቸርኬውን በአንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቀድሞ እንዲነካ ቢደረግ አይጮህም። የፍሬኑ ካቦ ሲሳብ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ውስጡ ዝጓልና ከነሽፋኑ ይለወጥ። ከዚያ የፊት ፍሬን ይዞ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ መወዝወዝ ነው። መሪው ሥር ኳ ኳ የሚል ከሆነ ኩሽኔታው ላልቷል፤ መሪው ሲዞር የሚነክስ ከሆነ ደግሞ ግራሶው ደርቋል።

ካቴናን በዓይን መገመት አይቻልም፤ ማስመሪያ ይበቃል። ከአንድ ፒን መሐል ተነስቶ፣ የመነሻውን ሳይቆጥሩ፣ እስከ 24ኛው ፒን መሐል አዲስ ካቴና 30.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ልኩ ወደ 30.65 ከተጠጋ ካቴናው ይለወጥ። 30.8 ከደረሰ የኋላ ጥርሶቹም አብረው ተበልተዋል፣ አዲስ ካቴና ቢገባም እየዘለለ ያስቸግራል። በከተማችን የተለመደው የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ካቴናን የሚገድል ነው፤ ጥቁር ዘይቱ ከተማውን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ይዞ እንደ ሞረድ ብረቱን ይበላዋል። በላምባ አጥቦ ማድረቅ፣ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ማንጠብጠብ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የውጪውን በጨርቅ መጥረግ። ላምባው ቸርኬውንና የፍሬን ጎማውን እንዳይነካ።

ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው ግን እሾህ ነው። የግራርና የፕሮሶፒስ እሾህ በየመንገዱ ዳር አለ፤ ጎማውን ከወጋ በኋላ ጫፉ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ጎሚስታው ካላማዳሪያውን ለጥፎ ይመልሰዋል፣ በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ይተነፍሳል። ጥፋቱ የመለጠፊያው አይደለም። ካላማዳሪያው ከመመለሱ በፊት የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን በጥጥ መጥረግ ነው፤ ጣት የማያገኘውን የእሾህ ጫፍ ጥጡ ይይዘዋል፣ ከዚያ በፒንሳ ይነቀላል። ማስቲሹም ተቀብቶ ወዲያው አይለጠፍም። ብልጭታው ጠፍቶ ፊቱ እስኪደበዝዝ ይጠበቃል፣ ከዚያ በኃይል ይጫናል። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ በሙቀት ይለቃል።

የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ሌላው አደጋ ነው። ለጭነት መኪና የተዘጋጀ ግፊት ትንሽዋን የብስክሌት ካላማዳሪያ በአፍታ ያፈነዳታል። በአጭር በአጭሩ እየሞሉ በጣት መጫን፣ ወይም በእጅ ፓምፕ መሙላት ይሻላል። ለሰፊ የተራራ ብስክሌት ጎማ፣ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ ከ2.5 እስከ 3 ባር ለአስፋልትም ለኮብልስቶንም ይስማማል። ከዚያ በላይ ኮብልስቶኑ እጅ ያደነዝዛል፣ ብሎኖቹንም ያላላል። ጠዋት ጢም ተደርጎ የተሞላ ጎማ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አይተው፤ አየሩ ሲግል ግፊቱ ይጨምራል።

የውኃ ነገር እንደ ቀላል አይታይ። በድሬ ሙቀት አንድ ሰዓት የሚነዳ ሰው ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይጠጣል። ጉዞው ከአንድ ሰዓት ካለፈ በሊትር ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና አራት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ይጨመርበት። ጠርሙሱን እርጥብ የጥጥ ካልሲ ማልበስ ነው፤ ደረቁ ነፋስ ውኃውን ያቀዘቅዘዋል፣ ካልሲው ሲደርቅ እንደገና ይረጥባል።

በመንገድ ላይ ዋናው ጥንቃቄ ከባጃጅ ነው። ባጃጅ ተሳፋሪ ባየበት ይቆማል፤ ስለዚህ በጠርዝ ተለጥፎ ከኋላው መከተል ሳይሆን ቢያንስ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ሾፌሩ በመስታወቱ በሚያይበት ቦታ መንዳት። በክረምት ደግሞ ደቻቱ አለ። የከተማው ሰማይ ጠርቶ ሳለ ደጋው ላይ ደመና ከከበደ በአሸዋው ማቋረጥ የለም፣ በድልድዩ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል።

በዚህ መልክ ሁለት ወር የተመላለሰ ሰው ለዳገት ይዘጋጃል። የመጀመሪያው ወር ያለ ግፊት ያልፋል፤ እየነዱ ማውራት ካልተቻለ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። በሁለተኛው ወር በሳምንት አንድ ቀን፣ በቀዝቃዛው የጠዋት ጉዞ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ሦስት ጊዜ ጠንክሮ መንዳት፣ በመካከሉ አምስት አምስት ደቂቃ ማረፍ። እሑድ ወደ መልካ ጀብዱ በሜዳው ሁለት ሰዓት።

ደንገጎ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚያደርስ፣ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዳገት ነው። ጀማሪ በአማካይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይወጣዋል። በዚህ ፍጥነት የፊት 42 በኋላ 24 ጥርስ ያለው የድሮ ውድድር ብስክሌት ፔዳሉን በደቂቃ 45 ጊዜ ብቻ ያስዞራል፤ ያ ጉልበትን ይሰብራል። የፊት 34 በኋላ 32፣ ወይም በተራራ ብስክሌት 28 በ28፣ ከ70 በላይ ያስዞራል። ውድ ብስክሌት ከመግዛት የኋላ ጥርሱን መለወጥ ይቅደም።

እንግዲህ ውድድሩ። የከተማው ስፖርት ኃላፊዎች ለጥቂት ክለብ ልጆች የሚሆን ረጅም የጎዳና ውድድር ከሚያስቡ፣ እሑድ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ከዚራን ዘግተው አጭር የዙር ውድድር ቢጀምሩ ይበልጣል። አንዱ ምድብ ለሥራ ብስክሌት ብቻ ይሁን፦ ሰፊ ጎማ፣ የጭቃ መከላከያና የዕቃ መጫኛ ያለው፣ ሠላሳ ደቂቃ ተነድቶ ሦስት ዙር የሚጨመርበት። አናጢው፣ መምህሩ፣ ዳቦ አመላላሹ በያዙት ብስክሌት ይሰለፉ። ከመነሻው በፊት ሁለት ነገር ይፈተሽ፤ ፍሬንና የመሪው ጫፍ መድፈኛ። ክፍት የመሪ ቧንቧ በውድቀት ጊዜ ሆድ ይቀድዳል። ሄልሜት የሌለው አይነሳ።

ደንገጎ በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃል፣ ያውም በጅምላ ሳይሆን በአንድ አንድ ደቂቃ ልዩነት እየተለቀቁ፣ ከሰዓት ጋር። ሽቅብ ፍጥነቱ አነስተኛ ስለሆነ ጉዳት አይበዛም፤ ከአወዳይ የሚጣደፈው የጫት መኪና መንገዱን ሳይሞላው፣ ከ3 ሰዓት በፊትም ያልቃል። አደጋው መውረዱ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ከመሪ መኪና ኋላ ተሰብስቦ ይውረድ። ፍሬን ያለማቋረጥ ሲያዝ ቸርኬው ይግላል፣ ካላማዳሪያውም ሊፈነዳ ይችላል። ከመታጠፊያው በፊት በሁለቱም ፍሬን ጠንከር አድርጎ አቀዝቅዞ መልቀቅ፣ መካከል ላይም መቆም ነው። እጅ ወደ ቸርኬው ሲጠጋ ወላፈኑ ከተሰማ አሥር ደቂቃ ይጠበቃል።