ከሰላምታ ጋር

ዛሬ ጠዋት አንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ላስገባ ሄጄ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ መለሰችብኝ፣ ለምን ብትሉ መጨረሻው ላይ "ከሰላምታ ጋር" አይልም። ስገባ እኮ እንዴት አደርሽ ብያታለሁ፣ ቀና ብላም አላየችኝ፣ ሰላምታ የምትፈልገው ከወረቀቱ ነው። እስክሪብቶ ተበድሬ ጥጉ ላይ ሞነጫጨርኩላት፣ ማህተሙን ደለቀችው።

በሽታው የቆየ ነው ለነገሩ። ናፖሊዮንን ዋተርሉ ላይ ድል ያደረገው የዌሊንግተኑ መስፍን ከ1820 እስከሞተበት 1852 ድረስ (በፈረንጅ ነው) እንግሊዝ አገር የሃምፕሻየር አውራጃ ሎርድ ሌፍተናንት ነበር፣ በቃ የዘውዱ እንደራሴ በሉት፣ በኋላ የንግሥት ቪክቶሪያ ማለት ነው፣ የአውራጃው ሚሊሻ በሱ ስር፣ ለሰላም ዳኝነት የሚታጩትንም ለለንደን የሚያቀርበው እሱ። እና ያ ሁሉ ጦር የመራ ሰው ቁጭ ብሎ የሹመት ደጅ ጠኚ ደብዳቤ ያነባል። ይመልሳልም! አመላለሱ ነው የሚገርመው፣ "ፊልድ ማርሻል የዌሊንግተን መስፍን ሰላምታቸውን ያቀርባሉ" እያለ ስለራሱ እንደ ጎረቤት ያወራል። በ1840 የአንድ ፔኒ ፖስታ ሲመጣ ደግሞ መኳንንቱ በነጻ መላክ ቀረባቸው፣ ማንም ፔኒ ያለው ሊጨቀጭቃቸው ቻለ፣ ደስ ሲል! የዘመኑ የቢሮ ደብዳቤ አዘጋግ ደሞ "እጅግ ታዛዥና ትሁት አገልጋይዎ" ነው፣ ከላይ አይሆንም ብሎ ከልክሎህም ቢሆን ከታች አገልጋይህ ነው።

እኔን የሚያቃጥለኝ ግን ሌላ ነው። ለሚሊሻ መኮንንነት ደጅ ለሚጠና መልስ የሚጻፍበት አገር አጤ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥቲቱ የጻፉትን ደብዳቤ ተቀብሎ ዝም አለ፣ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ መልስ የታሰበው አጤው እዚህ የነበረውን ቆንስላቸውን ካሰሩት በኋላ ነው። ማሰሩስ ደግ አልነበረም፣ እሺ፣ ግን አንድ መስመር፣ "ደርሶናል" ማለት ምን ያቅታል?? ከዛ በ1868 ጦር ይዘው መጡ። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" የምትለዋን ተረት ነፍሴ ነው የምወዳት፣ የመቅደላ ብራናዎች ግን የተወረሱት በሌላኛው ትርጉሙ ነው፣ ለንደን ተቀምጠዋል እስካሁን።

ምን እያልኩ ነበር... አዎ ልጅቷ። "ከአስራ አምስት ቀን በኋላ ብቅ በል" አለችኝ። ማመልከቻው ስለምን ነበር ካላችሁ፣ ለበፊተኛው ማመልከቻዬ መልስ አልተሰጠኝም የሚል ነው።