ዘነዘናዬን የከሰሱት ጎረቤቴ

ሎንደን ውስጥ ከማዘጋጃ ቤት ፖስታ ሲመጣ ከመክፈቴ በፊት ልቤ ይመታል። ያልከፈልኩት ነገር አለ ማለት ነው። ያን ዕለት የመጣው ደብዳቤ ግን የሚያወራው ስለ ቡና ሙቀጫዬ ነበር። ሙቀጫ ብሎ አልጠራውም። «እሑድ ማለዳ ከመኖሪያ ቤትዎ የሚሰማ ተደጋጋሚ የመደብደብ ድምፅ» ነው ያለው። ሦስት ጊዜ ካነበብኩት በኋላ ነው ዘነዘናዬ መከሰሱ የገባኝ።

ቅዳሜ ሌሊት ሥራ አድሬ ቤቴ የምደርሰው እሑድ ንጋት ላይ ነው። ቡናዬን ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ ጠጥቼ እተኛለሁ። ቡና ጠጥቶ መተኛት ለእኛ አዲስ አይደለም። ለካ በዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ የድምፅ ሕግ አለ፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት ያለውን ጊዜ ሌሊት ይለዋል። እኔ የምወቅጠው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ያልታረመ ሰው እስከ 110 ፓውንድ ይቀጣል። በ110 ፓውንድ ስንት ኪሎ ቡና እንደሚገዛ ወዲያው አሰላሁ።

የአመልካቹ ስም ደብዳቤው ላይ የለም። ነገር ግን ከእኔ ወለል በታች የሚኖሩት አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ሰባት ዓመት ሙሉ ደረጃው ላይ በተገናኘን ቁጥር ስለ አየሩ የሚያወሩኝ፣ ዕቃ ይዤ ስመጣ በር የሚከፍቱልኝ ሰው ናቸው። ደብዳቤው በደረሰኝ ዋዜማ እንኳ በሩን ይዘውልኝ «ደስ የሚል ቀን ነው» ብለውኛል። በልባቸው ክሱን ይዘው!

የሚያናድደኝ መከሰሴ አይደለም። ድምፁ ከረበሻቸው ልክ ናቸው፤ እኔም ከሥር ሆኜ ብሰማው ደስ አይለኝም። ግን የእኔ በር ከእሳቸው በር አሥራ ስምንት ደረጃ ነው የሚርቀው፤ ቆጥሬዋለሁ። የመንግሥታቸው ምክር ራሱ «በቅድሚያ ጎረቤትህን አነጋግር» ነው የሚለው። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስወርድ ፊታቸው ቀላ፤ «ላስቸግርህ አልፈለግሁም» አሉኝ። እኔን ላለማስቸገር ለመንግሥት አመለከቱብኝ!

እኛ ዘንድ ዘነዘና ሲሰማ ጎረቤት ነጠላውን ፈልጎ ይመጣል እንጂ ብዕር አያነሳም።

እንዲህ ብዬ ሳማርር ከርሜ ታዲያ ተራው የእኔ ሆነ። ባለፈው ክረምት ጎረምሶች የሕንፃችንን ደረጃ ማምሻቸው አደረጉት። ሞተር ብስክሌታቸውን በር ላይ አስነስተው ያስጓሯሉ፤ ጠዋት ስወጣ ደረጃው ላይ አውራ ጣት የሚያካክሉ የብር ቀለም ያላቸው ቆርቆሮዎች ተበትነው አገኛለሁ። ለመስከር የሚስቡት የሳቅ ጋዝ መያዣ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ጀምሮ ጋዙን ለመዝናኛ ብሎ መያዝ ወንጀል ሆኗል። አንዱን ልጅ እንደ አገሬ «ተው እንጂ ልጄ» ስለው ምን እንዳለኝ እዚህ አልጽፈውም።

101 ደወልኩ። አስቸኳይ ላልሆነ ነገር የፖሊስ ቁጥር ነው፤ ሕይወት የሚያሰጋ ወይም እየተፈጸመ ያለ ወንጀል ሲሆን 999 ነው። ያነሳችው ሴት «አሁን አደጋ ላይ ያለ ሰው አለ?» ብላ ጀመረች፤ ደግ ነበረች። ከማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ የመመዝገቢያ ቅጽ ላኩልኝ፦ ቀን፣ የተጀመረበት ሰዓት፣ ያበቃበት ሰዓት፣ ምን እንደታየና እንደተሰማ። የመጨረሻው ዓምድ «እርስዎን እንዴት ነካዎት?» ይላል። የመጀመሪያው ቀን ላይ «ተናደድኩ» ብዬ ጻፍኩ። በቂ አይደለም ተባልኩ። እንቅልፍ አጥተው እንደሆነ፣ ልጆች ፈርተው እንደሆነ፣ በሌላ መንገድ መዞር ጀምረው እንደሆነ ይጻፉ አሉኝ። የሚፈልጉት ድርጊቱ በኑሮዬ ላይ ያደረሰውን ነውና «ተናደድኩ» ብቻውን ሚዛን አይደፋም። እናቴ እንኳ ጠይቃኝ የማታውቀውን ስሜቴን ለማዘጋጃ ቤት በሦስት መስመር ዘርዝሬ ጻፍኩ።

እውነቱን ልናገር፣ ሠራ። ጊዜ ወሰደ እንጂ ሠራ። የደረጃው መብራት ተተካ፣ የውጭው በር ቁልፍ ተለወጠ፣ ከጎረምሶቹ ሁለቱ ከወላጆቻቸው ጋር ተጠርተው ሁለተኛ ላይመለሱ ፈረሙ። ደግሞ ማንም ቢለግም መድረሻ አለህ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሕግ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ አመልክቶ ሰሚ ያጣ ሰው ጉዳዩ እንደገና እንዲመረመርለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ይህን ሳነብ ቀናሁ፤ ሌላ ቃል የለውም።

ቅጹ ላይ ስፈርም ግን እጄ ከብዶኝ ነበር። ጥቆማ የሚለው ቃል ለእኛ ቤት ሌላ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ የጎረቤት ጥቆማ ሰውን ከቤቱ አውጥቶ የት እንዳደረሰው እናቴ አይታለች፤ ዛሬም ስለ ጎረቤት ስታወራ መስኮቱን ዘግታ ነው። እዚህ የጠቆመ ሰው ኃላፊነቱን ተወጣ ይባላል። እኛ ጋ አሳባቂ ነው፣ ጆሮ ጠቢ ነው፤ ለቅሶው ላይ የሚቆም አያገኝም።

በዚህ ሁሉ ላይ ሕግ የለንም እንዳይመስላችሁ። የ1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1960) የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1225 ባለቤት የሆነ ሰው ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ሽታና ድምፅ እያወጣ ጎረቤቱን እንዳያስቸግር ይከለክላል። ከእንግሊዞቹ የድምፅ ሕግ በሠላሳ ስድስት ዓመት ይቀድማል። ማን ያስፈጽመው እንጂ!

ለዚህ ዓመት ፋሲካ አዲስ አበባ ወርጄ አክስቴ ቤት አርፌ ነበር። ፊት ለፊት መጠጥ ቤት ተከፍቷል፤ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙረውታል። ከድምፁ ኃይል የተነሳ የአክስቴ መስኮት ሳይቀር አብሮ ይዘፍናል። ሳላስበው ብዕር አንስቼ «ከምሽቱ 3፡05፣ ከፍተኛ ሙዚቃ» ብዬ ጻፍኩ። አክስቴ አዩኝ።

«ምንድን ነው የምትጽፈው?»

«ሰዓቱን ነው፤ እንዲመዘገብ።»

«ለማን ልታሳየው?»

ደንብ ማስከበር፣ ወረዳ፣ ፖሊስ እያልኩ ስቆጥር አክስቴ ነጠላቸውን ደርበው መንገዱን ተሻግረው ነበር። በመስኮት አየኋቸው። ባለ መጠጥ ቤቱ አርባ የሚሆነው ጎልማሳ ነው፤ ጣታቸውን አፍንጫው ሥር አድርሰው ሲጮኹ ሙዚቃውን አልፎ ተሰማኝ፦ «የተወለድህ ዕለት ገንፎህን የበላሁ ሴት ነኝ! እኔን ነው የምታስለቅሰኝ?» ሰውየው አንገቱን ሰብሮ ገባ። ቅጼ ላይ «3፡20፣ ጸጥ አለ» ብዬ ሞላሁ። እንዴት ነካዎት የሚለውን ምን ብዬ እንደምሞላው ግራ ገባኝ።

አርብ ማታ አክስቴ ለቅሶ ቤት አደሩ። ማጉያው 2፡50 ላይ ጀመረ። መንገዱን ተሻግሬ «ወንድሜ፣ እባክህ ቀንስልን» አልኩት። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «አንተ ደግሞ የማን ነህ?» አለኝ።

ተመልሼ ብዕሬን አነሳሁ።